ጸሐፊ ደብዳቤ አይሸከምም

ሰኞ፣ ጥቅምት ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ዛሬ ከቡራዩ ዋና መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት መጥቶ በብርድ ልብስ ፋብሪካችን የምግብ አዳራሽ ሰበሰበን። ስሙ አዶናይ ነው፤ የሰው ኃይል ኃላፊ ሆኖ ከተሾመ ዓመት አልሞላውም። ሸሚዙን ከሱሪው ውጭ ለቅቆ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ከኅዳር አንድ ቀን ጀምሮ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መካከል የምንጻጻፈው ሁሉ በኢሜይል ብቻ እንዲሆን መወሰኑን ነገረን። «ወረቀት ይብቃን» አለ። ወረቀት ይብቃን የሚል ሰው ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያደገ ሰው ነው።

እኔ እዚህ ሰበታ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ጡረታዬ ከደረሰ በኋላ በኮንትራት የቆየሁት ተለምኜ ነው። ማሪቱ በዚህ ነገር የራሷ አስተያየት አላት፤ ሚስት በመሆኗ እታገሣታለሁ።

«ጥያቄ ያለው?» ሲል ተነሥቼ፣ «ማኅተሙ የት ላይ ያርፋል?» አልሁት። ኋላ የተቀመጡት ልጆች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «ጋሼ፣ ማኅተም አያስፈልግም፤ ስምዎ ይበቃል» አለኝ። ስሜ እንደሚበቃ ከሱ አፍ መስማት አላስፈለገኝም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፯

አስተማሪዬ የወይንሐረግ እንድትሆን ተወሰነ። ይህችን ሴት በጽሕፈት መኪና ጣቶቿን ያፍታታሁላት እኔ ነኝ። አንዲት አራት ነጥብ ጎደለች ብዬ ሙሉ ገጽ ደግማ እንድትመታ አድርጌአት አውቃለሁ፤ አልቅሳም ታውቃለች። ዛሬ የአስተዳደር ኃላፊ ናት፤ ወንበሯም ከእኔ ወንበር ይበልጣል።

«ጋሼ፣ ማውሱን አንቀው ያዙት እኮ» አለችኝ። «ቀስ ይበሉ፤ አያመልጥም።»

የኔታ ብዕር አያያዝ ያስተማሩን በኩርኩም ነበር፤ ብዕርም ሆነ እኛ አላመለጥንም። ይህንን አልነገርኋትም። ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጄን በእጇ ይዛ ታንሸራትት ጀመር፤ ልክ እንደ ሕፃን። በሩ ክፍት ነበር። ሰዎች አለፉ።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፰

ኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል ምረጥ አለኝ፤ ከመዝሙረ ዳዊት አንዲት ቃል በላቲን ፊደል አስገባሁ። «ደካማ ነው» አለ። የዳዊትን ቃል ደካማ የሚል ዕቃ ፊት ተቀምጬ ደመወዝ እቀበላለሁ። የወይንሐረግ «ቁጥር ይጨምሩበት» አለችኝ፤ የተወለድሁበትን ዓመት ጨመርሁ። «ጠንካራ» አለ። እንግዲህ ከነቢዩ ይልቅ እኔ ጠንክሬ ተገኘሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፫

ደብዳቤ መጻፍ ደረስን። ገጹን አማርኛ አድርጋልኛለች። ተቀባይ የሚሰፍርበት ቦታ አለው፤ ጉዳዩ የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ ሁለቱንም ከእኛ የወሰዱት ነው። ለሱሉልታው መጋዘን ኃላፊ ለአቶ ዲሪርሳ ስለ ሱፍ አቀባበል ጻፍሁ፤ ቁጥር ሰጠሁት፤ «ከሠላምታ ጋር» ብዬ በሙሉ ስሜ ዘጋሁ።

«አሁን ይህችን ሰማያዊዋን ይጫኑ፤ ላክ የምትለዋን» አለችኝ።

እውነትም «ላክ» ይላል። ሰባ ዓመት የዘለለን ሰው አንተ ብሎ የሚያዝዝ ሣጥን።

«እኔ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፤ መላክ የተላላኪ ሥራ ነው» አልኋት።

ሳቀች። ቀልድ መሰላት። ስልኳ ጮኸና «ይለማመዱ፣ መጣሁ» ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። አንድን ሥራ እስከ ፍጻሜው ይዞ መቆየት የዚህ ዘመን ሰው ጠባይ አይደለም።

የመጀመሪያው አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ጸሐፊ ደብዳቤ አይሸከምም» ይሉ ነበር። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ አቃፊው ተዘግቶ በጠረጴዛው ቀኝ ይቀመጣል። በአራት ሰዓት ተላላኪው መጥቶ ይወስደዋል። ንጹሑ ይሄዳል፤ ረቂቁ ለማስረጃ በመዝገብ ቤት ይቀራል። እንደዚሁ አደረግሁ፤ ጽፌ ስጨርስ ገጹን ዘጋሁት። ወዲያው ደብዳቤዬ «ረቂቆች» በሚል ክፍል ከነቀኑ ተቀምጦ አገኘሁት። ለካ ይህ ሣጥን ቢያንስ አንዱን ሕግ ያውቃል። ያለ ማንም አስተማሪ ጨረስሁት ማለት ነው። ይህን ያህል የሚያስጮኽ ነገር የለውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፳፮

ጉታ በአራት ሰዓት መጣ። የሚወስደው ነገር ግን አልነበረም።

ጉታ ተላላኪያችን ነው። ጠጕሩ ሳይሸብት የገባበትን ሥራ ሸብቶም አልለቀቀውም። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ አስኮ፣ ከዚያ አሸዋ ሜዳ፤ በማግስቱ ደግሞ እንጦጦን ዞሮ ሱሉልታ። በታክሲ ተጋፍቶ፣ ታክሲ ሲጠፋ በእግሩ ሄዶ፣ የእኔን ደብዳቤ ሳያጥፍና ሳያረጥብ አድርሷል። የተቀበለውንም ሰው በመረከቢያ መዝገቡ ላይ ሳያስፈርም ተመልሶ አያውቅም። የዚህ ቤት ሰዎች ሁሉ በኦሮምኛ አክብረው «ኦቦ ጉታ» ይሉታል። እኔ ጉታ እለዋለሁ፤ አለቃው ነኝ።

«ጋሼ፣ ቦርሳዬ ቀለለች» አለኝ፣ ባዶነቷን ሊያሳየኝ እያወዛወዛት።

የአዶናይ ውሳኔ ደርሶታል። ከታኅሣሥ አንድ ቀን ጀምሮ የተላላኪነት መደብ ይታጠፋል። ሱሉልታ መጋዘን አንድ የረዳትነት ቦታ አለ፤ እሱን ለማግኘት ግን የክፍል ኃላፊው እስከ ኅዳር ሠላሳ ድረስ የድጋፍ ደብዳቤ በኢሜይል ማድረስ አለበት። ሴት ልጁ ሶያማ የነርስ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት፤ ይህን ሲናገር ወደ መስኮቱ ዞሮ ነው።

«የእርስዎ ቃል ካለ እንቀበልሃለን ብሎኛል ልጁ» አለ፤ አዶናይን ማለቱ ነው።

«ልጁ አትበለው። ልጅነቱን እሱም አልካደም።»

ፈገግ አለ። «ይጽፉልኛል?»

«ጉታ፣ እኔ የጻፍሁት ደብዳቤ ሳይደርስ ቀርቶ ያውቃል?»

«በእኔ እጅ? አንድም ቀን።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፳፰

የጉታን ደብዳቤ ጻፍሁ። ሦስት ገጽ ወጣው። ስለ ታማኝነት መግቢያ፣ ስለ አገልግሎቱ ዝርዝር፣ ስለ ጠባዩ ምስክርነት፣ በመጨረሻም ስለ መሥሪያ ቤቱ ውለታ ያለባበስሁት አንድ ወቀሳ። አዶናይ መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ የሚያልፈው አይመስለኝም። ደግሜ አነበብሁት፤ አንዲት ቃል የምነቅልበት አጣሁ። ዘጋሁት። በረቂቆቹ መካከል ከሁሉም በላይ ተቀመጠ።

ጉታ በበሩ ብቅ ብሎ «ወጣ?» አለኝ።

«ወጥቷል» አልሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፫

ከቡራዩ መልስ የለም። ከሱሉልታም የለም። ለአቶ ዲሪርሳ ብቻ አራት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ለአንዱም «ደርሶኛል» አላለኝም። ፈጣን ነው የተባለው መሣሪያ ይኸው ነው። በጉታ እግር በማግስቱ መልስ ይመጣ ነበር። ለነገሩ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። መልስ መስጠት አስተዳደግ ይጠይቃል።

ሰኞ፣ ኅዳር ፱

ከአዶናይ መልእክት መጣ። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦ «ሰላም ጋሽ ፍቅሬ፣ የኦቦ ጉታን ጉዳይ እየጠበቅሁ ነው። አንድ መስመር ይበቃል።»

ቁጥር የለው፤ ማዕርግ የለው፤ አባቴ ያወጣልኝን ፍቅረሥላሴን ከወገቡ ቆርጦ ጥሎታል። ከሁሉ የከፋው ግን ሐሳቡ ነው። ሦስት ገጽ ደርሶት ማንበብ ስላቃተው አንድ መስመር ይለምነኛል። ቁጥርና ቀን የተሰጠው ደብዳቤ ሁለተኛ አይጻፍም። አልመለስሁለትም።

በመተላለፊያው የወይንሐረግን አገኘኋት።

«ጋሼ፣ የኦቦ ጉታን ነገር አደረሱላቸው አይደል?»

«ጽፌአለሁ።»

«ተመስገን። እኔማ አስቤ ነበር።»

ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪

የሚካኤል ክብረ በዓል። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ስላነደደ ሰበታ ጢስ ለብሳ ዋለች። ጉታን ከቅዳሴ መልስ ከነባለቤቱ አገኘሁት። ዓይኑን ከጢሱ እያሸ «ምንም አላሉም?» አለኝ። ምንም አላሉም አልሁት። ባለቤቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እኔን ታየኝ ነበር።

ቤት ስገባ ማሪቱ፣ «መልስ ካጣህ ሄደህ አትጠይቅም? ቡራዩ ባሕር ማዶ ሆነብህ?» አለችኝ።

«እኔ?» አልኋት።

«አዎ አንተ። እግር ያለው ጉታ ብቻ ነው?»

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፰

አዶናይ ዳግመኛ ጻፈ። «ጋሽ ፍቅሬ፣ ቀኑ እየደረሰ ነው።» አላነበበም፤ አያነብምም።

ከሽመና ክፍል የሚመጡ ሁለት ልጆች ከመስኮቴ ሥር ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሽማግሌው ለኦቦ ጉታ አልጻፈላቸውም አሉ።»

«ለምን?»

«ንቋቸው ይሆናል። እሱ ማንን የማይንቅ አለ?»

«ራሱን።»

ሣቁ። መስኮቱን ከፍቼ ልመልስላቸው ነበር፤ የማይመጥኑኝ ሆኑብኝ። ይልቅስ ረቂቆቹን ከፍቼ አየሁ። ደብዳቤው አለ። ከነቀኑ፣ ከነሦስት ገጹ አለ። በዚህ ቤት ግዴታውን የፈጸመ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር ፴

ጉታ ቦርሳውንና የመረከቢያ መዝገቡን አስረከበኝ። ቦርሳዋን በቅባት ወልውሏት ነበር። ለሚጥሉት ዕቃ።

«አልመጣም፣ ጋሼ?»

«አልመጣም። ከድንጋይ ምላሽ አይጠበቅም።»

«ይሁን። እርስዎ ከጻፉልኝ ለእኔ በቂ ነው። ገለቶማ» አለ። ሲያመሰግን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። ዛሬ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ደገመው።

ስለ አዶናይ አንድ ገጽ ልጽፍ ተቀመጥሁ። ይህን ብቻ ጽፌ ተውሁት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ፫

በአራት ሰዓት ወደ በሩ ቀና አልሁ። ልማድ ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፰

ዲሪርሳ ከሱሉልታ ደወለ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ፍቅረሥላሴ? ደኅና ነዎት? ምነው ረሱን? ከጥቅምት ወዲህ ከሰበታ አንዲት ደብዳቤ አልደረሰችንም። ሱፉ ሜዳ ላይ ተከምሯል።»

ስድስት መጻፌን ነገርሁት። «አንድም የለም፣ ጌታዬ» አለ፣ እየሣቀ። ውሸታምነቱን በማስረጃ ላሳየው የወይንሐረግን ጠራሁ። ረቂቆቹን ከፈትሁላት፤ በጣቴም አንድ በአንድ አሳየኋት።

ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እነዚህ አልሄዱም።»

«ረቂቁ ነው የምታዪው። ንጹሑ ሄዷል።»

«ንጹሕ የሚባል ሌላ የለም። ያለው ይኸው ራሱ ነው። ላክ ካላልነው እዚሁ ይቀመጣል።»

«ማን ነው ላክ የሚለው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ሌላ ማን አለ?»

በዚህ ጊዜ ዝርዝሩን ወደ ታች ስትገፋው የጉታ ስም ወጣ። እሷም አየችው። እንደ ድሮዬ ብትሆን ኖሮ፣ እኔ እሷን እንዳስለቀስኋት ብትናገረኝ ኖሮ፣ መልስ አላጣም ነበር። «አሁን ልጫንልዎ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

«አትንኪው» አልኋት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ፱

አልሠራሁም። የማይረባ መሣሪያ።

አዶናይ ሁለቴ ጽፎልኝ ነበር። አንድ መስመር ይበቃል ብሎ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ፲

የጉታን ደብዳቤ አሳትሜ፣ ማኅተም መትቼ፣ በፖስታ አሽጌ ወደ ቡራዩ ሄድሁ። አየር ጤና፣ ጦር ኃይሎች፣ አስኮ፣ አሸዋ ሜዳ። አንዱ ረዳት «አባባ፣ ጠጋ ይበሉ፤ ታክሲው የግልዎ አይደለም» አለኝ። ተጠጋሁ።

የዋናው መሥሪያ ቤት ዘበኛ ወደ ፖስታው አየ። «ምንድን ነዎት?»

ማዕርጌን ልነግረው አፌን ከፈትሁ። «ደብዳቤ ይዤ ነው» አልሁ።

«ተላላኪ በጎን በር ነው። የሰበታው ኦቦ ጉታ ነበሩ፤ እርስዎ ተተኪው ነዎት?»

«ለዛሬ።»

ከጎን በሩ አጠገብ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት የምታቃጥልበት፣ አንድ አግዳሚ አለ። ጣውላው በአንድ በኩል ለስልሶ ጎድጉዷል። እዚያው ጉድጓዱ ላይ ተቀመጥሁ፤ ሌላው በኩል ይወጋል። ሰዎች ሲያልፉ ፊቴን ሳይሆን ፖስታውን ያዩ ነበር። ጉታ ስለዚህ አግዳሚ አንድም ቀን አልነገረኝም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

አዶናይ ሲያየኝ ደነገጠና ራሱ ወጥቶ አስገባኝ። ፖስታውን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«ወረቀት አልቀበልም፣ ጋሼ። ለሁሉም እምቢ ብዬ ለእርስዎ ብቀበል ነውር ነው።»

ይህን ልጅ ማን እንዳሳደገው ለመጀመሪያ ጊዜ ለማወቅ ፈለግሁ።

ቦታው ገና ሰው አልገባበትም። ነገር ግን «የሚደግፈው ኃላፊ አልተገኘም» ተብሎ ሥራ አስኪያጁ ፈርሞበታል። ፋይሉ የሚከፈተው፣ መዘግየቱ የጉታ ጥፋት አለመሆኑ ከተጻፈ ብቻ ነው።

«የማን ጥፋት እንደሆነም ይጻፉ፤ አለዚያ ይጠይቁኛል» አለኝ። «በኢሜይል፤ ግልባጩም ለሦስቱም ቦታ ኃላፊዎች ይሁን።»

በጥር የእኔን ኮንትራት የሚያድሰው ያው ሥራ አስኪያጅ ነው። አዶናይ ይህን ያውቃል፤ አላነሣውም። እኔም አላነሣሁትም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ ፲፩

መጀመሪያ «ደብዳቤው ሳይላክ ቀርቷል» ብዬ ጻፍሁ። እንዲህ ያለ አጻጻፍ የሰነፍ ጸሐፊ መሸሸጊያ መሆኑን ለስንቱ ሰው ነግሬአለሁ። ሰረዝሁት።

«ጉዳዩ፦ ስለ አቶ ጉታ። የድጋፍ ደብዳቤውን ጥቅምት ፳፰ ቀን ጽፌ አልላክሁትም። ጥፋቱ የእኔ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊው፣ ነው። ደብዳቤው ከዚህ በታች ሰፍሯል።»

የተቀባዮቹን ስም የወይንሐረግ እያየችኝ አንድ በአንድ አስገባሁ። የእነዚያ ከመስኮቴ ሥር የሣቁት ልጆች አለቃም በመካከላቸው አለ። ከምሳ በፊት መላው ፋብሪካ እንደሚሰማው አውቃለሁ። እሷ እጇን ወደ ማውሱ አልዘረጋችም። ሰማያዊዋን ራሴ ተጫንኋት።

ገጹ ጠፋ። ረቂቆቹ ውስጥ ፈለግሁት፤ የለም።

«ሄደ» አለች።

እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ነበር። ውርደት ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፬

መልስ መጣ። «ተፈቅዷል። ከረቡዕ ጀምሮ ሱሉልታ ይገኙ።» ሰላምታ የለው፤ ቁጥር የለው፤ ማኅተም የለው፤ አማርኛውም የበረኛ ትእዛዝ ይመስላል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ከዚህ በታች የእኔ መልእክት እንዳለ ተያይዟል። እሱን ቆርጦ ማሳተም እንደሚቻል የወይንሐረግ ነገረችኝ። ሙሉውን አሳተምሁት፤ ግርጌውን በማኅተም መትቼ በጉታ ቦርሳ ከተትሁት።

የጉታ ቤት ከፋብሪካው ጀርባ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው። ይህን ያወቅሁት ዛሬ ሰው ጠይቄ ነው። በር ላይ አጥር ሲጠግን አገኘሁት፤ ቦርሳይቱን በትከሻዬ ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እስከዚህ ድረስ? ሰው አይልኩም ነበር?»

«ተላላኪያችንን አሰናብተነዋል» አልሁት።

ወረቀቱን ሰጠሁት። ጉታ ሲያነብ ጣቱን ከመስመር መስመር ያስኬዳል። ከላይ ያለውን ሲጨርስ ፊቱ ተፈታ፤ ጣቱ ግን አልቆመም፤ ወደ ታችኛው ወረደ። እዚያ ደርሶ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ጫማዬ ላይ የወንዙ ጭቃ ነበረ፤ እሱን አየሁ።

«ማሽኑ ነው፣ ጋሼ» አለኝ በመጨረሻ። «አዲስ ነገር ያሳስታል።»

«ማሽኑ አይደለም።»

ወረቀቱን በአራት አጥፎ ደረቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ የእኔን ደብዳቤ ሲያጥፍ ያየሁት ዛሬ ነው። «ይግቡ እንግዲህ፤ በር ላይ አይቆምም» ብሎ ዞር አለ።

መረከቢያ መዝገቡን ከቦርሳው አወጣሁና ገጹን ገለጥሁለት። ብዕሬን በሁለት እጄ አቀበልሁት።

«መጀመሪያ እዚህ ላይ ይፈርሙ፣ ኦቦ ጉታ» አልሁ።